ሌሊት የሚያብላላው ትዝታ
ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሕልምና በክፉ ቀን ስለሚገኝ የኅሊና ሰላም

በሀገራችን ሰው ከሰው በማለዳ ሲገናኝ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደርክ?»፣ «እንዴት አደርሽ?»፣ «ደህና አደራችሁ ወይ?» ይባባላል። ማታ ሲለያይም ምርቃቱ «ደህና እደሩ» ነው። ልማዱ በአፍ ስለተዘወተረ ሳናስተውለው እናልፋለን እንጂ በውስጡ ቁም ነገር አለ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሌሊትን ከቀን የተረፈ ባዶ ሰዓት አድርገው አልቆጠሩትም። ሰው ተኝቶ እንኳ አንድ ነገር እንደሚሆን፣ ደህና ማደርም እንደ ደህና መዋል ሁሉ ሊጠየቅበትና ሊመረቅበት የሚገባ ጉዳይ እንደሆነ ተረድተዋል።

የሚገርመው፣ የሥነ ልቦና ሐኪምም በጭንቀት ወይም በኀዘን የተጎዳ ሰው ሲቀርብለት አስቀድሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው፤ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት ባዘጋጀው ሃያ ጥያቄዎች ባሉት መጠይቅ ውስጥም ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀው የተቀመጠው በሦስተኛ ተራ ላይ ነው። ለመሆኑ እንቅልፍ፣ ሕልምና ትዝታ ምን አገናኛቸው? ክፉ ቀን ያሳለፈ ሰው ሰላም የሚያገኘው ያየውን ሲረሳ ነውን? ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት የተገኘውን ዕውቀት መሠረት አድርጎ እነዚህን ጥያቄዎች መመርመር ነው። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም ስላልሆነ ነገሩን የሚጀምረው ሊለካ ከሚችለው ነው።

እንቅልፍ በመሣሪያ ሲታይ

ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ራስ ቅል ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረትን ለመመዝገብ ቻለ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራም፣ በአጭሩ ኢ.ኢ.ጂ.፣ የሚባለው ምርመራ በዚህ ተጀመረ። በራስ ቅል ላይ የሚለካው ቮልቴጅ እጅግ አነስተኛ ነው። 50 ማይክሮቮልት ቢሆን፣ በእጅ ባትሪያችን ውስጥ ከምናስገባው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ሠላሳ ሺህኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱ እንዲነበብ በብዙ ሺህ እጥፍ መጉላት አለበት።

የነቃ ሰው ኢ.ኢ.ጂ. ትንንሽና ፈጣን ሞገዶችን ያሳያል። ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚንዘረዘር ሞገድ ይታያል። በከባድ እንቅልፍ ላይ ሲሆን ግን ሞገዱ በሴኮንድ ከ4 ጊዜ በታች ሆኖ ይዘገያል፤ ቁመቱም ከ75 ማይክሮቮልት በላይ ይደርሳል። አንጎል አረፈ በሚባልበት ሰዓት ሞገዱ ለምን ገዘፈ?

መልሱ ከፊዚክስ ትምህርት ውስጥ በሞገዶች መደራረብ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። በመስቀል በዓል በጉራጌ ጭፈራ ላይ የተገኘ ሰው ሕዝቡ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ሜዳው እንደሚናወጥ ያውቃል። ያው ሕዝብ እያንዳንዱ በየፊናው ቢያጨበጭብ ግን የሚሰማው የተደባለቀ ኹካታ ነው። 10,000 የነርቭ ሕዋሳት በዘፈቀደ ቢንዘረዘሩ ምልክቶቻቸው እርስ በርስ እየተሻሩ ድምራቸው በአማካይ የአንዱን 100 እጥፍ ያህል፣ ማለትም የ10,000ን ስኩዌር ሩት ብቻ ይሆናል። በአንድ ምት ቢንዘረዘሩ ግን 10,000 እጥፍ ነው። እንግዲህ በከባድ እንቅልፍ ጊዜ የሚታየው ግዙፍ ሞገድ የሚነግረን የአንጎል ሕዋሳት እንዳልሞቱና እንዳልጠፉ፣ ይልቁንም በኅብረት አንድ ዓይነት ምት እንደያዙ ነው።

ሌላው ታላቅ ግኝት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዩጂን አሰሪንስኪ የስምንት ዓመት ልጁን አስተኝቶ የዐይኑን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲከታተል፣ በሌሊቱ መካከል ዐይኖቹ ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ አገኘ። ኢ.ኢ.ጂ.ውም የነቃ ሰው ይመስል ነበር፤ ልጁ ግን ተኝቷል። አሰሪንስኪና አማካሪው ናትናኤል ክላይትማን በዚህ ሰዓት የቀሰቀሷቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ላይ እንደነበሩ ተናገሩ። ይህ የእንቅልፍ ክፍል «ፈጣን የዐይን እንቅስቃሴ ያለው እንቅልፍ» ተባለ፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ለአጭርነት «የሕልም እንቅልፍ» እንለዋለን። በሌሎቹ የእንቅልፍ ክፍሎችም ሕልም ይታያል፤ ነገር ግን ረዥሙና በሥዕል የተሞላው ሕልም በብዛት የሚገኘው በዚህኛው ነው።

ከባድ እንቅልፍና የሕልም እንቅልፍ እየተፈራረቁ ዘጠና ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዑደት ይሠራሉ። ጤናማ ሰው በአንድ ሌሊት አራት ወይም አምስት ዑደት ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ ዑደቶች የሚበዛው ከባድ እንቅልፍ ነው፤ የሕልም እንቅልፍ ግን ወደ ንጋት በቀረብን ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ከስምንት ሰዓት እንቅልፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት የቆረጠ ሰው ያጣው የእንቅልፉን ሩብ ብቻ ቢመስለውም፣ ከሕልም እንቅልፉ ያጣው ድርሻ ከሩብ እጅግ ይበልጣል።

ትዝታ የት ያድራል?

እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ሕክምና ሲባል በግራና በቀኝ በኩል ያለው የአንጎሉ ውስጠኛ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከተወገዱት ክፍሎች ዋነኛው ሂፖካምፐስ የሚባለው ነበር። በሽታው ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር ማስታወስ ተሳነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ያነጋገረውን ሰው እንደ አዲስ ይተዋወቅ ነበር። የልጅነት ትዝታው ግን አልጠፋም። በ2008 እስኪሞት ድረስ በፈቃዱ ሲጠና የኖረው ይህ ሰው አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ፤ ትዝታ ተወልዶ የሚቆይበት ቦታና በመጨረሻ የሚኖርበት ቦታ አንድ አይደለም። አዲስ ትዝታ በሂፖካምፐስ ይጀመራል፤ ከጊዜ በኋላ ግን በሰፊው የአንጎል ቅርፊት ላይ ይሰራጫል።

ይህ ዝውውር የሚካሄደው መቼ ነው? የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ፊደላት አስጠኗቸው። ተማሪዎቹ ካጠኑ በኋላ ስምንት ሰዓት ተኝተው ሲጠየቁ ግማሽ ያህሉን አስታወሱ፤ ለዚያኑ ያህል ጊዜ ነቅተው ሲጠየቁ ግን ያስታወሱት አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ብቻ ነበር። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ዊልሰንና ማክናውተን የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ የብዙ ሕዋሳትን ምልክት በአንድ ጊዜ መዘገቡ። አይጧ ስትንቀሳቀስ አብረው የሠሩት ሕዋሳት፣ ከዚያ በኋላ በከባድ እንቅልፍ ጊዜ እንደገና አብረው ሲሠሩ ተገኙ። አይጧ ተኝታ ሳለ አንጎሏ የዋለችበትን መንገድ ይደግመዋል ማለት ነው።

ይህን ሥራ ለማስረዳት ከጉራጌ ደጋ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። የጉመር ወረዳ ከተማ በሆነችው በአረቅጥና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች እንሰት የቤት ሁሉ መሠረት ነው። ሴቶች እንሰቱን ይፍቁና በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። የተፋቀው እንሰት በዚያው ቀን ቆጮ አይሆንም። በጨለማው ውስጥ ዐይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ እየለወጡ ያብላሉታል። በየጊዜው ጉድጓዱ ይከፈታል፤ ቅጠሉ ይታደሳል፤ ውስጡ ይገላበጣል፤ እንደገናም ይዘጋል። እንደ አረቅጥ ባለ ብርዳም ደጋ ማብላላቱ ከቆላው ይልቅ ረዥም ጊዜ ይወስዳል፤ በሙቀት መጠን የሚወሰን ኬሚካዊ ሂደት ነውና። በመጨረሻ ግን ጥሬው ነገር ለዓመታት የሚቆይና ቤተ ሰብ የሚኖርበት ምግብ ይሆናል።

አማርኛችንም ይህን ዝምድና ቀድሞ የተረዳ ይመስላል። «ነገሩን አብላላው» ስንል ሰውየው በልቡ አገላበጠው፣ አሰበበት ማለታችን ነው። ቀኑን የዋልንበት ነገር ሁሉ እንደ ተፋቀ እንሰት ጥሬ ነው። ሌሊት ያብላላዋል፤ ከቀደሙት ትዝታዎች ጋር ያዋሕደዋል፤ አስፈላጊውን ያጠነክራል፤ የማይጠቅመውን ያሳንሳል። ተማሪ ትምህርቱን «ገባኝ» ብሎ ተኝቶ ሲነሣ ይበልጥ የጠራለት ሆኖ የሚያገኘውም ለዚህ ነው።

ሕልም እንደ ፈቺው

ሕልምን በተመለከተ አማርኛ ሁለት የተቃረኑ አባባሎች አሉት። አንዱ «ሕልም እልም» ይላል፤ ከንቱ ነው፣ ተወው ለማለት ነው። ሌላው «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላል፤ ትርጉም አለው፣ ትርጉሙ ግን በፈቺው እጅ ነው ለማለት ነው። በሙስሊሙም ሆነ በክርስቲያኑ ዘንድ የታወቀው የዮሴፍ ታሪክ የሕልም ፍቺን ክብር ከፍ አድርጎታል።

የሚደንቀው ነገር የሳይንሱም ክርክር በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል መመላለሱ ነው። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1900 በታተመ መጽሐፉ ሕልም የተሰወረ ምኞት መገለጫ ነው ብሎ አስተማረ። በ1977 ደግሞ በሐርቫርድ የነበሩት አለን ሆብሰንና ሮበርት ማካርሊ ሕልም ከታችኛው የአንጎል ክፍል የሚነሣ የዘፈቀደ ምልክት እንደሆነና የላይኛው አንጎል ይህን ምልክት ወደ ታሪክ ለመስፋት እንደሚሞክር አስረዱ። ፍሮይድ ወደ «እንደ ፈቺው»፣ ሆብሰን ደግሞ ወደ «እልም» አዘነበሉ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥናት መካከለኛ መንገድ ይዟል። ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሦስት ቀናት ቴትሪስ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫወቱ ሰዎች እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወድቁ ቅርጾች እንደታዩአቸው ተናገሩ። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ሄንሪ ሞሌሰን አዲስ ነገር ማስታወስ የማይችሉ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ጨዋታውን መጫወታቸውን ፈጽሞ ሳያስታውሱ ቅርጾቹን ግን አይተዋል። እንግዲህ ሕልም ከንቱ ጫጫታ ብቻ አይደለም፤ በቀን የተሠራው ሥራ በውስጡ አለ። የነገን ነገር የሚናገር ደብዳቤም አይደለም። ጉድጓዱ ሲገላበጥ የሚወጣው ሽታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚህ አጋጣሚ ብዙዎችን የሚያስፈራውን ዱካክን ማንሣት ተገቢ ነው። አንድ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ዐይኑን ገልጦ ሳለ መንቀሳቀስ ይሳነዋል፤ ደረቱ ላይ የተጫነ ነገር ይሰማዋል፤ አንዳች ፍጡር በክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። በሕልም እንቅልፍ ጊዜ አንጎል የእጅና የእግር ጡንቻዎችን ያስራል፤ ባያስር ኖሮ በሕልማችን የምንሮጠውን ሁሉ በአልጋችን ላይ እንሮጥ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ንቃት ቀድሞ ይመጣና እስሩ ለጥቂት ሴኮንዶች ወይም ደቂቃዎች ይዘገያል። ዱካክ የሚባለው ስሜት ይህ ነው። ያስፈራል እንጂ አይገድልም፤ በራሱም ይለቃል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። ጫት አዘውትረው የሚቅሙ ሰዎች ባቋረጡ ጊዜ ዱካክ እንደሚይዛቸው ይናገራሉ፤ ምክንያቱም አነቃቂው ነገር ሲቀር ተገድቦ የነበረው የሕልም እንቅልፍ እንደ ጎርፍ ይመለሳል።

ክፉ ቀን ሌሊቱን ሲወርስ

አማርኛ ለማስታወስ ሁለት ዓይነት ግሥ አለው። «አስታወስሁት» ስል አድራጊው እኔ ነኝ፤ ፈልጌ አገኘሁት ማለት ነው። «ትዝ አለኝ» ስል ግን ትዝታው ራሱ መጣብኝ እንጂ እኔ አልጠራሁትም። በጭንቅ ያለፈ ሰው ሥቃይ በአብዛኛው የሁለተኛው ዓይነት ነው። ያልጠራው ትዝታ በቀን በድምፅ፣ በሽታ፣ በአንድ ቃል ምክንያት ይመጣበታል፤ በሌሊት ደግሞ ቅዠት ሆኖ ይቀሰቅሰዋል።

አሚግዳላ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ፍርሃትን ከትዝታ ጋር ያቆራኛል፤ ኖርአድሬናሊን የተባለው ኬሚካል ደግሞ ቁርኝቱን ያጠነክረዋል። ይህ በመሠረቱ ጠቃሚ ነው፤ እባብ ያየበትን ቦታ የማይረሳ ሰው ይድናል። በሕልም እንቅልፍ ጊዜ ግን ኖርአድሬናሊን የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ዝም ይላሉ። ማቲው ዎከርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2009 ከዚህ ተነሥተው አንድ መላ ምት አቀረቡ። አንጎል በሕልም እንቅልፍ ጊዜ አስፈሪውን ትዝታ ያለ አስፈሪው ኬሚካል ይመለከተዋል፤ ከብዙ ሌሊቶች በኋላ ታሪኩ ይቀራል፣ መርዙ ግን ይቀንሳል። ይህ ሐሳብ በሁሉም ሙከራ አልጸናም፤ እንቅልፍ መራራውን ስሜት ጠብቆ እንዳቆየ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ሰውየው በሕልሙ መካከል ደጋግሞ የሚባንን ከሆነ ግን ማብላላቱ እንደሚቋረጥ መገመት አያዳግትም፤ በየቀኑ የሚከፈት ጉድጓድ ቆጮ አያወጣም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በቡታጅራና በአካባቢዋ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የገጠሩን ሕዝብ ጤና ሲከታተሉ ቆይተዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከላይ በጠቀስነው ባለ ሃያ ጥያቄ መጠይቅ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከመቶው ወደ 17 የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት እንደነበረባቸው አሳዩ። ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉም በዚያን ጊዜ ጫት ይቅሙ ነበር። ከ1998 እስከ 2001 በተካሄደው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። «የአእምሮ ጭንቀት የከተማና የባዕድ አገር ነገር ነው፤ የገጠር ሰው አይጨነቅም» የሚለው አስተሳሰብ በቡታጅራ መስክ ላይ ወደቀ።

ይህ የተጻፈው በሰላሙ ዘመን ስለኖሩ ሰዎች ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በዘለቀው ጦርነትና በሌሎችም ግጭቶች ቤታቸውን፣ ዘመዳቸውን፣ ትምህርታቸውን ያጡ ወጣቶች ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው አብረውን ይማራሉ። በአንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ከሚያድሩት መካከል ሌሊት እየባነነ የሚነሣ፣ ቀን ግን ስለ ምንም የማይናገር ወጣት ሊኖር ይችላል። የሚያንቀላፋው ሰንፎ ላይሆን ይችላል።

መርሳት ሳይሆን ማብላላት

ኀዘንተኛን ስናጽናና «እርሳው» እንላለን። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሰው በትእዛዝ አይረሳም። «ስለ ነጭ በግ አታስብ» የተባለ ሰው ወዲያው ነጭ በግ ይታየዋል።

የተሻለውን መንገድ የሚጠቁም ግኝት እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ዮርክ ተገኘ። ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ አይጦችን አንድን ድምፅ እንዲፈሩ አለማመዱ። ትዝታው ከጸና በኋላ ድምፁን አሰምተው እንዲያስታውሱ አደረጉና በዚያው ሰዓት በአሚግዳላ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት ሰጡ። ፍርሃቱ እጅግ ቀነሰ። ድምፁን ሳይሰሙ መድኃኒቱን የወሰዱት ግን መፍራታቸውን አልተዉም። የጸና ትዝታ ሲታወስ ለጥቂት ሰዓታት ይለሰልሳል፤ ከዚያ እንደገና ይጸናል ማለት ነው። ትዝታ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ቆጮ ጉድጓድ የሚከፈትና እንደገና የሚዘጋ ነገር ነው። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ጉድጓዱ የሚከፈተው በማን ፊት፣ በምን ሁኔታ ነው የሚለው ይሆናል። በፍርሃትና በብቸኝነት የተከፈተ ትዝታ ከፍርሃት ጋር ይዘጋል። በደህና ቦታ፣ በሚታመን ሰው ፊት የተከፈተ ትዝታ ግን ከዚያ ደህንነት ጥቂት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከአይጥ ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ረዥም ቢሆንም የሥነ ልቦና ሐኪም ክፍል በዋናነት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ለቅዠትም የተሞከረ ዘዴ አለ። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ጥቃት ደርሶባቸው በቅዠት የሚሠቃዩ 168 ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት አሳተሙ። ዘዴው ቀላል ነው። ሰውየው ቅዠቱን በቀን ብርሃን ያነሣል፤ ፍጻሜውን ወይም ሌላውን ክፍል እንደ ወደደ ይለውጠዋል፤ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች በዐይነ ኅሊናው ይለማመደዋል። ሕክምናውን በሦስት ስብሰባዎች ያገኙት ሴቶች ቅዠታቸው ቀነሰ፤ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው አባባል በዚህ ረገድ አዲስ ትርጉም ያገኛል፤ ፈቺው ራሱ ሕልመኛው ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስገድዶ «ሁሉንም ተናገር» ማለት አይጠቅምም፤ በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ንግግር ኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል አሳይተዋል። ጊዜው ሳይደርስ የተከፈተ ጉድጓድ የሚሰጠው ጥሬ ነው።

የሀገራችን የለቅሶ ሥርዓት ይህን ሚዛን በራሱ መንገድ የጠበቀ ይመስለኛል። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል። ኀዘንተኛ ብቻውን አያድርም። የእድር ድንኳን ይተከላል፤ ሰው ይቀመጣል፤ የሟች ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይነሣል፤ አንዳንዴም ሳቅ ይቀላቀልበታል። ማንም ኀዘንተኛውን «ተናገር» አይለውም፤ ማንም ደግሞ ዝም አያሰኘውም። በሠልስቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ ትዝታው በሰዎች መካከል እንደገና ይከፈታል፤ እንደገናም ይዘጋል። ዘመናዊ ሕይወት ይህን ሥርዓት ሲያሳጥረው ጊዜ ያተረፍን ይመስለናል፤ ምናልባት ያሳጠርነው ማብላላቱን ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አረቅጥ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ቦታ በዓመቱ ረዥሙና አጭሩ ሌሊት የሚለያዩት ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ጸሐፊው ለትምህርት በቆየበት በሰሜን አውሮፓ በክረምት ፀሐይ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ትታያለች፤ በበጋ ደግሞ ሌሊቱ እንደ ጥላ ያልፋል። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሌሊት ተሰጥቶናል። ሰዓታችንንም የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ነው። ይህን ሀብት በአግባቡ ለመጠቀም የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ማለት ይገባል።

አንደኛ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ተማሪ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ለፈተና ሲባል ሌሊቱን ነቅቶ ማደር እንሰቱን ፍቆ ጉድጓዱን አለመቆፈር ነው።

ሁለተኛ፣ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይም ሩቡ በሰውነት ውስጥ አለ። ካፌይን ድካምን አያስወግድም፤ ድካምን የሚናገረውን አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል መልእክት ይሸፍናል እንጂ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ ከአምፌታሚን ጋር የተዛመደ ነው፤ የሚያበድረውን ንቃት ከነወለዱ ይቀበላል።

ሦስተኛ፣ የሚያስጨንቅ ነገር ያለበት ሰው ከመኝታው በፊት ሐሳቡን በወረቀት ላይ ቢያሰፍር፣ ወይም በቀን ለሚያምነው ሰው ቢናገር ይጠቅመዋል። በአልጋ ላይ ሆኖ ከሐሳብ ጋር መታገል ግን አንጎል አልጋን የጦር ሜዳ አድርጎ እንዲማር ያደርጋል። እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥቶ፣ መብራቱን አሳንሶ ጥቂት ቆይቶ መመለስ ይሻላል።

አራተኛ፣ ቅዠቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀ፣ ትምህርትን ወይም ሥራን ካደናቀፈ፣ በተለይም ሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መምጣት አያሻም። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተሠራው ሥራ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ባገኙ ነርሶችና የጤና መኮንኖች በጤና ጣቢያ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ወደ ጸበል ወይም ወደ ዱዓ መሄድም ከሕክምናው ጋር የሚጣላ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ካላስቀረ ሁለቱም ሰውየውን ከብቸኝነት ያወጡታል።

በመግቢያችን ሰላም የሚገኘው በመርሳት ነውን ብለን ጠይቀን ነበር። ከላይ የተመለከትነው ሁሉ ወደ ሌላ መልስ ያመራል። ሰላም ያገኘ ሰው ያየውን የረሳ አይደለም። ያየውን በፈለገ ጊዜ የሚያስታውስ፣ ትዝ ባለውም ጊዜ የማይሰበር ነው። ለዚህ የሚያበቃው ሥራ በአንድ ሌሊት አያልቅም፤ በአብዛኛውም ከዐይናችን ተሰውሮ ይካሄዳል። እኛ የምናደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ለራሳችን በቂ ሌሊት መስጠትና፣ ሌሊቱ የከበደበትን ጓደኛችንን በማለዳ ስናገኘው «እንዴት አደርክ?» ብለን መልሱን ቆም ብለን ማዳመጥ።